ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፦ ካዝናው ሞልቶ ሕዝብ የጎደለበት ሹመት

አውድማው ተጠርጎ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ወደ ገበሬው ደጅ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የግብር ጥያቄ ነው። ባላገር ገዥውን የሚመዝነውም በዚያ ወቅት ነው። የምርጫ ኮሮጆ ባልታወቀበት ዘመን እንኳ ሕዝቡ ለገዥው የሚሰጠው ድምፅ ነበረው፤ የክተት ጥሪ ሲመጣ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ መውጣቱ ወይም ከቤቱ መቅረቱ ድምፁ ነበር። ጎጃምን ለሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ የገዙት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሕይወት የዚህን ድምፅ ክብደት ያሳያል። እኒህ ሰው በዘመናቸው ከኢትዮጵያ ባለጸጎች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። የዓለም ገበያ በወደቀበት ወቅት ከሥልጣናቸው ተነሡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ሕዝብ መልሰው ለመያዝ ወደ አገራቸው መጡ።

የንጉሥ ልጅነትና የክፉ ቀን ትምህርት

ራስ ኃይሉ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አባታቸው ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ዘውድ ደፍተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተባሉ። ዘውዱ ግን ዕረፍት አላመጣም። በቀጣዩ ዓመት በእምባቦ ጦርነት በንጉሥ ምኒልክ ተሸነፉና ተማረኩ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ደንቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ የመሐዲስቶች ጦር የጎጃምን ሠራዊት ሰብሮ ጎንደርን አቃጠለ። ብዙም ሳይቆይ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሡን በመጠርጠር ጎጃም ላይ ዘመቱ፤ ሠራዊታቸውም የሚበላውን ከገበሬው ጎተራ ወሰደ።

በዚህ ሁሉ ላይ ክፉ ቀን ተጨመረ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው በዚያ ዘመን ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በአገሪቱ የነበረውን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬ የጤፍን መሬት ደጋግሞ ማረስ አይችልም። በዶማ ቢቆፍርም የሚያዳርሰው ማሳ በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የከብቱ ሞት በዓመቱ የሰው ሞት ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት የቆፈሩት መኳንንቱን ለሥራ ለማነሣሣት ነበር። ዓለም ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኗ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ኃይሉ በዚያ ክፉ ቀን የሃያ ዓመት ገደማ ጎልማሳ ነበሩ፤ ጎተራ ሲራቆት መንግሥትም እንደሚራቆት በዓይናቸው ያዩ ትውልድ አባል ናቸው።

ገበያውን ያወቁ ገዥ

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። ዐፄ ምኒልክ አዲስ ንጉሥ አላነገሡም፤ ጎጃምን ከፋፍለው ሾሙበት። ኃይሉ የአባታቸውን አገር በራስነት ማዕርግ ያገኙት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ነበር። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የልጅ ኢያሱ ባለቤት ነበረች። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከአልጋቸው ሲወርዱ ግን ራስ ኃይሉ ሹመታቸውን ሳያጡ ያንን ማዕበል ተሻገሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ከተከተሏቸው ታላላቅ መኳንንት አንዱ ነበሩ።

ራስ ኃይሉ ለንግድ ዓይናቸው የተከፈተ ሰው ነበሩ። ብዙዎቹ መኳንንት ክብራቸውን በመሬትና በጦር ብዛት ሲለኩ እርሳቸው ብር ምን እንደሚሠራ ቀድመው ተረዱ። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤትን ጨምሮ ገቢ የሚያስገኙ ድርጅቶች ነበሯቸው። ዛሬ ቢሆን ባለሀብት ይባሉ ነበር። ጥያቄው የገንዘቡ ምንጭ ላይ ነው።

የጎጃም መሬት በአብዛኛው ርስት ነበር። ገበሬው ከአባት ከአያቱ በትውልድ የወረሰውን መሬት ያርሳል፤ የራሱ አገር ሰው እንጂ የራስ ኃይሉ ጭሰኛ አልነበረም። ይሁን እንጂ ገባር ነው። ከምርቱ አሥራት ያወጣል፣ ለጉልተኛው ይከፍላል፣ ገበያ ሲወጣ ኬላ ላይ ይቀረጣል፣ ሙግት ሲገጥመው ለዳኝነት ያወጣል። በራስ ኃይሉ ዘመን እነዚህ ክፍያዎች በረከቱ፤ ሹመትም በገንዘብ የሚገኝ ሆነ። ሹመት በገንዘብ ሲገዛ ዕዳው ወደ ታች ይወርዳል። ትልቁ ሹም የከፈለውን ከምክትሉ፣ ምክትሉ ከጭቃ ሹሙ፣ ጭቃ ሹሙ ከገባሩ ይመልሳል። ገባሩ ግን ከማን ይመልስ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል እንዲህ ያለውን አሠራር ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ብር የረከሰበት ዘመን

በጥቅምት 1922 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። የውድቀቱ ማዕበል አገራትን ተራ በተራ አዳረሰ። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የምትልከው በዋናነት ቡናና ቆዳ ነበር፤ የሁለቱም ዋጋ በዓለም ገበያ አሽቆለቆለ። ከዚህ በተጨማሪ ጠገራ ብር የጥሬ ብር ማዕድን ስለነበረ፣ የማዕድኑ ዋጋ ሲወርድ የጠገራው የመግዛት አቅም አብሮ ወረደ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው አቡጀዴና ብረታ ብረት ተወደደ፤ በአገር ውስጥ የሚሸጠው ግን ያንኑ ያህል ዋጋ አላወጣም። ቆዳ፣ ሰምና ቡና ይዞ ገበያ ለሚወጣ ሰው ይህ ማለት ለአንድ ዕቃ ከቀድሞው የበለጠ መሸጥ ነበረበት ማለት ነው። ግብሩ ደግሞ ገበያው ወርዷል ተብሎ አይወርድም።

ጣናም ከዚህ ማዕበል አልራቀም። በኅዳር 1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው፣ ጄ ጂ ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ዐባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ግድብ ስለ መሥራት ተነጋግረው ነበር። ያ ቦታ ዛሬ ባሕር ዳር ከተማ የምትገኝበት ዳርቻ ነው። ያን ጊዜ ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሰፈረች፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች የሚውሉባት መንደር ነበረች። ኩባንያው በ1923 ዓ.ም. ጥናት አካሄደ። ግድቡ ግን ገንዘብ በጠፋበት በዚያ ዘመን ሳይጀመር ቆየና በጣሊያን ወረራ ጨርሶ ተቋረጠ። የሐይቁን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨራጨራ ግድብ የተሠራው ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ አዲስ ሥርዓት እየተዘረጋ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ። ማዕከላዊው መንግሥት የክፍለ ሀገሩ ገቢ ወደ አንድ ግምጃ ቤት እንዲገባ ይፈልጋል። ራስ ኃይሉ በበኩላቸው የአባታቸው አገር ገቢ ከእጃቸው እንዳይወጣ ይፈልጋሉ። በዚህ መካከል ሁለት እጆች ወደ አንድ ጎተራ ተዘረጉ። የኢኮኖሚ ውድቀት በበረታበት ዓመት ሁለቱም ጌቶች ያስቀደሙት ገቢን ነበር፤ የጎተራው ባለቤት ጥያቄ በሁለቱም ዘንድ ከኋላ ቀረ።

ግንቦት 1924 ዓ.ም.

በግንቦት 1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከተጋዙበት ከፍቼ አመለጡ፤ ጥቂት ቆይተውም ተያዙ። በማምለጡ ሤራ እጃቸው አለበት ተብለው ራስ ኃይሉ ተከሰሱ። ለፍርድ ቀረቡ፣ ጥፋተኛ ተባሉ፣ ሀብታቸው ተወረሰ፣ የዕድሜ ልክ እስረኛም ሆኑ። ለዓመታት የተከማቸው ጠገራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሌላ ሆነ። ጎጃም ውስጥም ሹመታቸውን ለማስመለስ የበቃ እንቅስቃሴ አልታየም።

በእርሳቸው ቦታ የተሾሙት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ራስ እምሩ የሚከፈለው እንዲታወቅ፣ የሹማምንት ልቅ አሰባሰብ ልጓም እንዲያገኝ ጥረት አደረጉ። የገበሬው ሸክም እንዲቃለል በመሻታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ በበጎ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከሸዋ የመጡ ሹም ነበሩ፤ ጥቅሙ የተቋረጠበት የአገሩ መኳንንትም አልተቀበላቸውም። በ1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ በሽሬ ግንባር ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የራስ ኃይሉ የወንድም ልጅ ገሠሠ በለው በጎጃም ዐመፁ። ግብር ማስተካከል ብቻውን ገዥን ከአገር ጋር አያስማማም፤ የአገሩ ሰው በውሳኔው ውስጥ ድርሻ ማግኘት አለበት።

መልሶ መምጣት

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ ራስ ኃይሉ ከእስር ወጡ። ከወራሪው ጋር ለመሥራትም መረጡ። ከዚህ ምርጫ ጋር ተያይዞ እጅግ የሚያሳዝነው ታሪክ የራስ ካሣ ልጆች ታሪክ ነው። አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ በራስ ኃይሉ አማላጅነት አምነው እጃቸውን ሰጡ፤ ጣሊያኖች ግን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ገደሏቸው። ከዚያ በኋላ የእርሳቸው ቃል በአርበኞች ዘንድ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በዚህ መሀል የጎጃም ገበሬ የራሱን ውሳኔ ወስኖ ነበር። ጣሊያን መሣሪያውን እንዲያስረክብ ሲጠይቀው ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ጫካ ገባ። በላይ ዘለቀ በቢቸና፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው በየአካባቢያቸው አርበኞችን መሩ። ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጆች ነበሩ። አንዱ ቤት በሁለት ሰልፍ ተከፈለ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ጎጃም ከእጁ እየወጣ መሆኑን የተረዳው የጣሊያን መንግሥት በመጨረሻው ሰዓት ራስ ኃይሉን ወደ ደብረ ማርቆስ ላከ። ተስፋው የንጉሡ ልጅ ስም ሕዝቡን ይመልሳል የሚል ነበር። የሰባ ዓመት አዛውንቱ ራስ ሌላ ሰው በማያውቀው መንገድ አገራቸውን ያውቁ ነበር፤ የዘር ክብራቸውም ገና አልጠፋም፤ አንዳንድ ሹማምንትም ቀረቧቸው። ሆኖም ክብር መስጠትና አብሮ መሰለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጦርነቱን አቅጣጫ የሚለውጥ ኃይል አልተሰበሰበላቸውም። ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቅቀው ሲወጡ ከተማይቱ በራስ ኃይሉ እጅ ቀረች። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲገቡ ራስ ኃይሉ እጅ ነሥተው ገበሩ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ በጥበቃ ሥር ኖረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ አረፉ።

ለዛሬ የሚተርፈው

የጎጃም ገበሬና የግብር ጉዳይ በራስ ኃይሉ አላበቃም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ከግብሩ ጀርባ የመሬት መለካት፣ ከመለካቱም ጀርባ ርስት ማጣት ይመጣል የሚል ሥጋት ገበሬውን አስነሣው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን ቀየረ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማረ። ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተገኘው ውሳኔ ቀድሞ ተነጋግሮ ሊገኝ ይችል ነበር።

በራስ ኃይሉ ላይ የሚቀርበው ፍርድ ሚዛናዊ ሊሆን ይገባል። አዲስ ነገር የማይፈሩ፣ ንግድ የሚያውቁ፣ በብዙ የሥልጣን ማዕበል መካከል ቀዝፈው የተሻገሩ ሰው ነበሩ። ግብርን የፈለሰፉት እርሳቸው አይደሉም፤ የገባሩ ሸክምም በእርሳቸው ዘመን ብቻ አልከበደም። የጎደለው ከገበሬው የወጣው ወደ ገበሬው የሚመለስበት መንገድ ነው። ያ ሁሉ ጠገራ ለማሳው፣ ለበሬው፣ ለዘሩ የሠራው ሥራ ተለይቶ አይነሣም። ገበያ ሲወድቅ፣ ማዳበሪያ ሲወደድ፣ እህል ዋጋ ሲያጣ ገዥ የሚያስቀድመው ምን እንደሆነ ይታያል። ገበሬውም ያየውን ይመዘግባል፤ መዝገቡም እስከ ቀጣዩ ጥሪ ድረስ ይቆያል።