ፓትሪክ ብላኬትና ደለል የጻፈው ታሪክ

በዚህ ዕትም ሕይወቱን በአጭሩ ልናቀርብላችሁ የመረጥነው ሰው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፓትሪክ ብላኬት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በ1948 ዓ.ም. ካገኘው የኖቤል ሽልማት ጋር ነው። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ይኸውም የተመካበት ታላቅ ሐሳብ በገዛ እጁ ሙከራ ፈርሶበት፣ ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ፊቱን ወደ ድንጋይና ወደ ጭቃ ማዞሩ ነው።

ብላኬት በ1897 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። ገና በልጅነቱ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በ1914 በፎክላንድ ደሴቶች፣ በ1916 ደግሞ በጁትላንድ በተደረጉት የባሕር ውጊያዎች ላይ ነበረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ወጣት መኮንኖች ለጥቂት ወራት ወደ ኬምብሪጅ ተላኩ። ብላኬት እዚያ የፊዚክሱን ቤተ ሙከራ ካየ በኋላ የባሕር ኃይሉን ሥራ ለቀቀ። በራዘርፎርድ ሥር ሆኖ ከ20 ሺህ በላይ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ናይትሮጅን ወደ ኦክሲጅን ሲለወጥ የሚያሳዩ ስምንት ምልክቶች ብቻ አገኘ። ትዕግሥቱ ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

በ1947 ዓ.ም. ያቀረበው ሐሳብ ደፋር ነበረ። መሬትም ሆነች ፀሐይ፣ ማንኛውም ግዙፍ አካል በመሽከርከሩ ብቻ ማግኔትነት ያገኛል አለ። ይህ ቢረጋገጥ አዲስ የተፈጥሮ ሕግ ይሆን ነበር። ለመፈተን ከመሬት ጋር አብሮ የሚዞር ከባድ ነገር ያስፈልገው ስለ ነበር፣ 15 ኪሎ ያህል የሚመዝን የወርቅ ሲሊንደር ከእንግሊዝ ባንክ ተዋሰ። (አምስት ብር ለመበደር የምናየውን አበሳ የሚያውቅ ጓደኛችን ይደነቅ!) በማንቸስተር አቅራቢያ በጆድሬል ባንክ ሜዳ ላይ፣ ብረት በሌለበት የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ከምድር ማግኔት በአሥር ሚሊዮኖች እጅ የሚያንስ ኃይል ሊለይ የሚችል መሣሪያ ሠራ። ወርቁ ግን የተጠበቀውን ማግኔትነት አላሳየም። ብላኬትም ውጤቱን ሳይሸሽግ በ1952 ዓ.ም. አሳተመው። ብዙ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት ነበር ብለን እናምናለን።

መሣሪያው ግን ሥራ አላጣም። ወንዝ ከተራራ ጠርቦ የሚያወርደው ደለል በውስጡ ብረት ያለባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት፤ እያንዳንዱም እንደ ትንሽ የኮምፓስ መርፌ ነው። ውኃው ሲረጋ ቅንጣቶቹ እየሰመጡ ወደ ምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዞራሉ። ሁሉም አይታዘዙም፤ ውኃው ያናውጣቸዋል፣ ታች ሲደርሱም ይንከባለላሉ። ከብዙዎቹ ድምር ግን አንድ ደካማ አቅጣጫ ይወጣል። ጭቃው እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ገና ሊዞሩ ይችላሉ፤ ከላይ የሚደራረበው ክብደት ውኃውን ጨምቆ ሲያወጣ ግን ባሉበት ይታሰራሉ። መርፌ በምድር ወገብ ላይ ጋደም ትላለች፣ በዋልታ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ስለዚህ የታሰረው አቅጣጫ ደለሉ በየትኛው ኬክሮስ ላይ እንደ ተኛ ይናገራል። ታሪክን ከብራና ላይ ለምናነብ ለእኛ ይህ እንግዳ ዜና መዋዕል ነው።

በ1954 ዓ.ም. ክሌግና ጓደኞቹ፣ በብላኬት መሪነት፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የእንግሊዝን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ለክተው ያገኙትን አሳተሙ። አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 34 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነበረ፤ አንዳንዱ ንብርብር ደግሞ ፍጹም ተገላቢጦሽ ነበረ። መርፌውም ዛሬ በዚያ አገር ከሚያዘቀዝቀው እጅግ ያነሰ ያዘቀዝቅ ነበር። ስለዚህ አገሪቱ ዞራለች፣ ከደቡብም መጥታለች አሉ።

ብዙ የጂኦሎጂ ሊቃውንት አላመኑም፤ እኛም ያለ ምክንያት ነው አንልም። ጠፍጣፋ ቅንጣቶች ሲሰምጡ ጋደም ስለሚሉ፣ ጭቃውም ሲታመቅ ስለሚጫናቸው፣ ደለል የመርፌውን ዝቅዝቃት አሳንሶ ሊመዘግብ ይችላል። ቀዩ ቀለም የሆነው የብረት ዝገትም ከብዙ ዘመን በኋላ ተፈጥሮ የራሱን አቅጣጫ ሊይዝ ይችላል። ብላኬት ሙግቱን በቃል ብቻ አልመለሰም፤ ዝቃጭ ያልሆነውን የህንድን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አስለካ። ያም ህንድ ቀድሞ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ እንደ ነበረች አሳየ። በ1964 ዓ.ም. ስለ አህጉራት መንሸራተት በሎንዶን የተደረገውን ትልቅ ጉባኤ ካዘጋጁት አንዱ እርሱ ነበረ።

ብላኬት በሐምሌ 1974 ዓ.ም. ዐረፈ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ድንቅነሽ በአፋር፣ በሐዳር ደለል ውስጥ ተገኘች። የዚያን ስፍራ ዕድሜ ለመወሰን ሊቃውንት ከእሳተ ገሞራው አመድ ጋር አብረው ከመረመሩት አንዱ፣ በደለሉ ውስጥ የታሰረው የማግኔት አቅጣጫ፣ ቀጥተኛውና ተገላቢጦሹ፣ ነበረ።