መንገድ ከፋቾችን ያሠለጠኑት ቪንስ ሎምባርዲ

በአሜሪካ እግር ኳስ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች ስሙ ይጠራል፤ ጭብጨባውም የእርሱ ነው። ከፊቱ ተሰልፈው ባላጋራን በትከሻቸው እየገፉ መንገድ ከሚከፍቱለት አምስቱ ግን አብዛኞቹ ኳሷን ሳይነኩ ጨዋታው ይጠናቀቃል። ዝነኛው አሠልጣኝ ቪንስ ሎምባርዲ የወጡት ከእነዚህ መንገድ ከፋቾች መካከል ነበር።

ሎምባርዲ እ.ኤ.አ በ1913 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የጣሊያን ዝርያ ያለው ሲሆን አባታቸው በሥጋ ንግድ ይተዳደሩ ነበር። በወጣትነታቸው ለክህነት ሲማሩ ቆይተው ሐሳባቸውን በመለወጥ ወደ ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በቁመት አጭር ቢሆኑም በዩኒቨርሲቲው ቡድን የፊት መስመር ተሰልፈው ተጫወቱ። ከ1939 ጀምሮም በኒው ጀርሲ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለስምንት ዓመታት ላቲን፣ ኬሚስትሪ እና ፊዚክስ እያስተማሩ ቡድኑን አሠለጠኑ።

በ1949 የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ኤርል ብሌይክ የመንገድ ከፋቾቹን ሥልጠና ለሎምባርዲ ሰጧቸው። ቡድኑም በዚያ ዓመት ያለ ሽንፈት አጠናቀቀ። በ1951 ግን ከፈተና ማጭበርበር ጋር በተያያዘ 90 ዕጩ መኮንኖች ከአካዳሚው ሲሰናበቱ ከእነርሱ መካከል ብዙ የቡድኑ ተጫዋቾች ነበሩ። የቀረው ቡድን ከዘጠኝ ጨዋታዎች ሰባቱን ተሸነፈ። ሎምባርዲ ከአለቃቸው ጋር ቆይተው ልምድ የሌላቸውን ወጣቶች ከመጀመሪያው አስተማሩ። በ1953 ቡድኑ ሰባት ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር።

ከኒውዮርክ ጃይንትስ ጋር አምስት የውድድር ዓመታት በረዳትነት ከሠሩ በኋላ፣ በ1959 በ45 ዓመታቸው የግሪን ቤይ ፓከርስ ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። ፓከርስ የአንዲት ትንሽ ከተማ ቡድን ሲሆን ባለቤቶቹም አክሲዮን የገዙ ሰዎች ናቸው። ቡድኑ ባለፈው ዓመት ከ12 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። ሎምባርዲ ጥቂት ስልቶችን መርጠው እያንዳንዱ ተጫዋች እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ሳይቀር ደጋግመው አለማመዱ። በሰባት ዓመታት ውስጥም አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኑ።

ታኅሣሥ 31 ቀን 1967 በግሪን ቤይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሶ ነበር። ፓከርስ በዳላስ 17 ለ 14 እየተመሩ 16 ሰከንድ ቀረ፤ ኳሷም ከግቡ መስመር ከአንድ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነበረች። ኳሷን በእግር መትቶ አቻ መሆን ይቻል ነበር። ሎምባርዲ ግን መግፋትን መረጡ። መንገድ ከፋቹ ጄሪ ክሬመር ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር እንደ ጥማድ በሬ አብሮ ገፍቶ ባላጋራውን አነሣው፤ ባርት ስታር በተከፈተው ክፍተት ገባ፤ ፓከርስም 21 ለ 17 አሸነፉ። የክሬመር ግፊያ በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ታየ፤ ተደብቆ የኖረው የመንገድ ከፋቾች ሥራ ያን ዕለት በአደባባይ ተመሰከረለት።

ሎምባርዲ በ1970 በ57 ዓመታቸው በካንሰር ሕመም አረፉ። ዛሬ የአሜሪካ እግር ኳስ ሻምፒዮን የሚያነሣው ዋንጫ የሚጠራው በስማቸው ነው።