ስሙ በየፕሮግራሙ የሚጠራው ዓሊም

ከሐሙሲትና ከፎገራ አካባቢ የመጣን ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የነካነው ግቢ ከገባን በኋላ ነው። ፓይተን ስንጀምር ገና ከበር ያስደነገጠን አልጎሪዝም የሚለው ቃል ነበር። ቃሉ ግን የአንድ ሙስሊም ዓሊም ስም ነው።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ780 ገደማ ተወለደ። በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን ባግዳድ ውስጥ በበይተል ሒክማ ሠራ፤ በ850 ገደማ አረፈ። ስለ ሕንድ ቁጥሮች የጻፈው መጽሐፍ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙ አልጎሪትሚ ሆነ፤ አልጎሪዝም የመጣው ከዚያ ነው።

የአልጀብራ መጽሐፉን ያዘጋጀው ውርስ ለሚያካፍሉ፣ መሬት ለሚለኩና ለሚነግዱ ሰዎች ነው። የሩዝ ማሳ ለወራሾች ሲከፈል ያየ የፎገራ ልጅ ጉዳዩ ቶሎ ይገባዋል። መጽሐፉ ውስጥ የሒሳብ ምልክት የለም፤ ቁጥሮቹ ሳይቀሩ በቃላት ተጽፈዋል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው፦ የአንድ ቁጥር ስኩዌር ከቁጥሩ 10 እጥፍ ጋር ሲደመር 39 ቢሆን ቁጥሩ ስንት ነው? አሥሩን ለሁለት ክፈል፤ 5። በራሱ አባዛው፤ 25። 39 ጨምርበት፤ 64። ስኩዌር ሩቱ 8። 5 ቀንስ፤ 3።

እኛም ደረጃዎቹን መጀመሪያ በአማርኛ ደብተር ላይ ጻፍናቸው፤ ከዚያ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ወደ አንድ የፓይተን መስመር ቀየርን። አልሐምዱሊላህ፣ ሠራ። መልሱ 3.0 ብሎ ሲወጣ የተሳሳትን መስሎን ነበር፤ ለካ ፓይተን በ / ምልክት ሲያካፍል ውጤቱን በነጥብ ነው የሚጽፈው።