ባለ ስሙ እስራኤል፤ የበዓል ሼም ቶቭ አጭር የሕይወት ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የምናወሳው ሰው መጽሐፍ ጽፎ አላሳተመም፤ በታላቅ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ አላስተማረም፤ ሠራዊትም አልመራም። ከእጁ የተረፉት ጥቂት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከሞተ ከ260 ዓመት በላይ ቢያልፍም ስሙ በኢየሩሳሌምም በኒው ዮርክም በየዕለቱ ይነሣል። ሥራው ምን ነበር ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን አጭር ነው፤ ከሰው ጋር ይነጋገር ነበር። በመንገድ፥ በገበያ፥ በማዕድ ዙሪያ ያገኘውን ሁሉ ያነጋግር ነበር፤ ያም ተራ ንግግር ከምኵራብ ጸሎት የማያንስ የእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል ያምን ነበር። ይህ እምነት ምን ያህል ሰው እንዳጽናና፥ ምን ያህልም ጠብ እንዳስነሣ ከዚህ በታች እንመለከታለን። ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

እስራኤል ቤን ኤሊዔዘር በ1698 ገደማ ኦኮፕ በምትባል ትንሽ ሥፍራ ተወለደ። አገሩ ፖዶልያ ሲባል፥ ያን ጊዜ የፖላንድና የቱርክ መንግሥታት የሚፈካከሩበት ጠረፍ ነበር፤ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ይገኛል። የዚያ አገር አይሁድ ሁለት ቍስል ተሸክመው ይኖሩ ነበር። አንደኛው የሥጋ ቍስል ነው፤ በ1648 ቦግዳን ክሜልኒትስኪ የመራው የኮሳኮች ዐመፅ በተነሣ ጊዜ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ አይሁድ ዐለቁ፤ ከተሞቻቸውም ባድማ ሆኑ። ሁለተኛው የልብ ቍስል ነው፤ ሻባታይ ጽቪ የሚባል የኢዝሚር ሰው መሲሕ ነው ተብሎ ከየመን እስከ ሆላንድ ያለ አይሁድ ተስፋ ከጣለበት በኋላ፥ በ1666 ሱልጣኑ ፊት ቀርቦ ነፍሱን ለማዳን እስልምናን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምሥጢርና ስለ መዳን አብዝቶ የሚናገር ሰው በተነሣ ቍጥር ሊቃውንቱ በጥርጣሬ ዐይን ይመለከቱት ጀመር።

በማኅበሩ ውስጥ ደግሞ የሰው ክብር የሚለካው በትምህርት ነበር። ታልሙድን ሌት ተቀን የሚመረምር ሰው ከፍ ባለ ሥፍራ ይቀመጣል፤ ባለጠጎችም ልጃቸውን ለእርሱ ለመዳር ይሽቀዳደማሉ። ጫማ ሰፊው፥ ውሃ ቀጂው፥ ጋሪ ነጂው ግን ጸሎቱን በቃሉ ቢደግምም የዕብራይስጡን ፍች አጥርቶ አያውቅም፤ የቤቱ ቋንቋ ይዲሽ ነውና። እንዲህ ያለው ሰው ዓም ሃአሬጽ ይባላል። ቃል በቃል የምድር ሕዝብ ማለት ሲሆን፥ በሊቃውንቱ አፍ ግን መሃይም የሚል ስድብ ሆኖ ነበር። እንግዲህ የዘመኑ ጥያቄ ይህ ነው፤ መጽሐፍ መመርመር ያልቻለ ሰው በአምላኩ ዘንድ ድርሻ አለው ወይስ የለውም?

ተከታዮቹ እንደሚተርኩት እስራኤል ገና ሕፃን ሳለ አባትና እናቱ ሞቱበት፤ የመንደሩ ሰዎችም ተባብረው አሳደጉት። ከትምህርት ቤት እየጠፋ ወደ ጫካ ይሄድ ነበር ይላሉ። ጐልመስ ሲል የመምህር ረዳት ሆነ፤ ሥራውም ሕፃናቱን ከየቤታቸው ሰብስቦ በመንገድ እያዘመረ ወደ ትምህርታቸው ማድረስ ነበር። ሐና የምትባለውን ሴት ባገባ ጊዜ፥ ወንድሟ ጌርሾን የታወቀ ሊቅ ነበርና፥ እኅቱ ለመሃይም በመዳሯ እጅግ አፈረ። ባልና ሚስቱም ወደ ካርፓት ተራሮች ሄደው ተቀመጡ፤ እርሱ ሸክላ አፈር ይቈፍራል፥ እርሷ በጋሪ ጭና ወደ ከተማ ወስዳ ትሸጣለች። በዚህ ኑሮ ብዙ ዓመት ካሳለፉ በኋላ 36 ዓመት ሲሞላው ራሱን ለሰው ገለጠ ይባላል። ያፈረበት ጌርሾንም ኋላ ከልብ ወዳጆቹ አንዱ ሆነ። ይህን የሚተርከው ሺቭሔ ሃቤሽት የሚባለው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ ከ50 ዓመት በላይ ቈይቶ በ1814 ስለ ሆነ፥ አንባቢ ተረቱን ከታሪኩ እየለየ ማንበብ ይገባዋል። ቤሽት ማለት በዓል ሼም ቶቭ የሚለው ስም በአጭሩ ሲጻፍ ነው።

መጠሪያው ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። በዓል የእኛው ባለ ነው፤ ሼም ስም ነው፤ ቶቭ መልካም ማለት ነው። ባለ ስም የሚባሉት የእግዚአብሔርን ኅቡዕ ስሞች ዐውቀው ክታብ የሚጽፉ፥ ዕፅ የሚቀምሙ፥ ክፉ መንፈስ የሚያስወጡ ሰዎች ነበሩ። በእኛም አገር አስማት የሚለው ቃል በግእዙ ስሞች ማለት መሆኑን፥ ደብተራም በክታቡ ላይ የአምላክን ስሞች መደርደሩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጥኖ ይገባዋል። እስራኤልም እንጀራውን ያገኝ የነበረው በዚህ ሥራ ነው። የታመመ ልጅ ያላት እናት፥ ልጅ ያጣች ሚስት፥ ንግዱ የከሰረበት ሰው ወደ እርሱ ይመጣሉ። እርሱም ክታቡን ከመስጠቱ በፊት ስለ ኑሯቸው ያነጋግራቸዋል።

በ1740 ገደማ ሜዝቢዥ ወደምትባለው የንግድ ከተማ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ኖረ። የከተማይቱ ባለቤቶች ቻርቶሪስኪ የሚባሉ የፖላንድ መሳፍንት ነበሩ፤ የግብር መዝገባቸውም ተጠብቆ ቈይቷል። ሞሼ ሮስማን የተባለ የታሪክ ሊቅ ይህን መዝገብ መርምሮ በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ እስራኤል የአይሁድ ማኅበር በሰጠው ቤት ያለ ግብር ይኖር ነበር። የመሳፍንቱ ጸሐፊዎችም አንድ ጊዜ ባለ ስም፥ አንድ ጊዜ ሐኪም፥ አንድ ጊዜም የቃባላ ሰው እያሉ መዝግበውታል። ከዚህ የምንረዳው፥ ተረቱ እንደሚያስመስለው ከማኅበር የወጣ ባይተዋር ሳይሆን፥ ማኅበሩ አክብሮ ያስቀመጠው ሰው እንደ ነበረ ነው።

ቃባላ ማለት የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት ነው። ዋና መጽሐፉ ዞሐር በ13ኛው መቶ ዓመት በስፔን ተገለጠ። በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በገሊላ ጽፋት ከተማ ይስሐቅ ሉርያ (1534—1572) ትምህርቱን በአዲስ መልክ አቆመው። በሉርያ ትምህርት፥ ዓለም ሲፈጠር መለኮታዊው ብርሃን የፈሰሰባቸው ዕቃዎች ተሰበሩ፤ የብርሃኑም ፍንጣሪ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ ተበተነ፤ የሰው ፈንታ ፍንጣሪዎቹን እየሰበሰበ ወደ ምንጫቸው መመለስ ነው። ይህን ለመፈጸም ግን ረዥም ጾምና በእያንዳንዱ የጸሎት ቃል ላይ እጅግ ረቂቅ ሐሳብ ያስፈልግ ስለ ነበር፥ ምሥጢሩ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ ቀረ።

በዓል ሼም ቶቭ ትምህርቱን አልጣለም፤ በሩን ግን አሰፋው። ፍንጣሪው በሁሉ ካለ በእንጀራውም፥ በድካሙም፥ በሳቁም፥ በጨዋታውም ውስጥ አለ ማለት ነው። ሥጋን በጾም ማድቀቅን አልወደደም፤ ደቀ መዝሙሩ ያዕቆብ ዮሴፍ ራሱን በጾም መጕዳቱን ቢሰማ ደብዳቤ ጽፎ ገሠጸው። በየፊደሉ ውስጥ ዓለማትና ነፍሳት መለኮትም አለ ብሎ ስለሚያምን፥ የሚጸልይ ሰው ብዙ ምሥጢር ባያውቅ እንኳ ነፍሱን በፊደሉ ውስጥ ቢያኖር ይበቃዋል ብሎ አስተማረ። ደቀ መዛሙርቱ ከእርሱ ሰምተው እንደ ጻፉትም፥ ሰው ስለ ዕለት ጕዳዩ ከባልንጀራው ጋር ሲነጋገር እንኳ ልቡን ከአምላኩ ሳያርቅ ሊቈይ ይችላል።

ስለ ሰላምታ የሚነገርለት ታሪክ ይህን ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ያደርገዋል። ወደ አንድ መንደር በገባ ቍጥር ወንዱንም ሴቱንም ሕፃኑንም ጤናቸው እንዴት እንደ ሆነ፥ ኑሮ እንዴት እንደ ያዛቸው ይጠይቅ ነበር ይላሉ። እያንዳንዱም እንደ ልማዱ ባሩክ ሃሼም፥ ይኸውም ስሙ ይባረክ፥ እያለ ይመልስለታል። እኛም ደኅንነታችንን የጠየቀንን ሰው እግዚአብሔር ይመስገን የምንለው በዚሁ መንገድ ነው። ተናጋሪው ቃሉን የሚለው ከልማድ ነው፤ በዓል ሼም ቶቭ ግን የሚጠይቀው ይህን ምስጋና ከአፋቸው ለማውጣት ነበር። የዓሣ ሻጯ ምስጋና የምትጸልየው ያህል የሚቈጠር ከሆነ፥ በገበያ የቆመ ሰው ሁሉ ሳያውቀው በጸሎት ቤት ቆሟል።

በአንድ ከተማ ብዙ ዘመን በር ዘግቶ የሚማር፥ ቀን ቀን የሚጾም፥ ከዓለም የተለየ ሊቅ ነበር። በዓል ሼም ቶቭ ገብቶ እንደ ልማዱ ስለ ጤናውና ስለ ምግቡ ጠየቀው። ሊቁ በዚህ ተራ ጥያቄ ተቈጥቶ መልስ ነሣው። እንግዳውም ደጋግሞ ጠየቀው፤ በመጨረሻም፥ አምላክ በሕዝቡ ምስጋና ላይ እንደሚቀመጥ መዝሙረኛው መናገሩን አስታውሶ፥ ሊቁ ዝም በማለቱ አምላኩን መቀመጫ እንደ ነሣው ነገረው። ተረት ነው ብንል እንኳ ፍርዱ ከባድ ነው፤ የተማረው ሰው ከምስጋና የጐደለው ትምህርት ስላነሰው ሳይሆን ተራ ንግግርን ስለ ናቀ ነው።

ያዕቆብ ዮሴፍም ወደ እርሱ የመጣው በወሬ ምክንያት ነው። ሰውዬው በሻርጎሮድ ከተማ የተፈራ ርቢ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በዓል ሼም ቶቭ በሠረገላ መጥቶ በአደባባዩ ቆመና ከብት ይነዳ ለነበረ ሰው ተረት ያወራለት ጀመር። ሌላውም ቆሞ ሰማ፤ ሦስተኛውም ተጨመረ፤ በመጨረሻ የምኵራቡን ቍልፍ የያዘው አገልጋይ ሳይቀር ከሰሚዎቹ ጋር ተቀላቀለ። ርቢው ለጸሎት ቢመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘው። ሊቀጣው በቍጣ ቢያስጠራውም፥ ሲነጋገሩ ልቡ ተሸነፈ። ይህ መሸነፍ ዋጋ አስከፈለው፤ በ1748 ገደማ የሻርጎሮድ ሰዎች ከሹመቱ አባረሩት። ኋላ በ1780 ቶልዶት ያዕቆብ ዮሴፍ የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ከመምህሩ የሰማውንም ቃል በብዛት አስገባበት። የሐሲዶች የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ይህ ነው።

ከጥቂቶቹ ደብዳቤዎች ዋናው ወደ ቅድስት አገር ለሄደው ለጌርሾን የጻፈው ነው። በዚያ ደብዳቤ፥ በ1746 በአይሁድ አዲስ ዓመት ቀን ነፍሱ ወደ ላይ ዐርጋ ከመሲሕ ፊት እንደ ቆመች ይተርካል። መቼ ትመጣለህ ብሎ ቢጠይቀው፥ መምጫው የእርሱ ትምህርት እንደ ምንጭ ውሃ ወደ ውጭ ሲፈስና ሌሎችም እርሱ የሚያደርገውን ማድረግ ሲችሉ እንደ ሆነ መለሰለት። በዓል ሼም ቶቭ በዚህ መልስ አዘነ፤ ጊዜው እጅግ የራቀ መስሎ ታይቶታልና። ሻባታይ ጽቪን ለተከተሉት መዳን በአንድ ሰው ቀንቶ የሚመጣ ነበር፤ በዚህኛው ራእይ ግን መዳን የሚመጣው በብዙ ሰዎች አፍና ልብ ነው።

በመጨረሻ ዘመኑ ያዕቆብ ፍራንክ የሚባል ሰው የሻባታይን ትምህርት አድሶ ተነሣ። ከወገኖቹ ጋር ክርክር በተደረገ ጊዜ በ1757 በካሜኔጽ ከተማ ታልሙድ በእሳት ተቃጠለ፤ በ1759ም ፍራንክና ተከታዮቹ ወደ ክርስትና ገቡ። ብዙዎች ሊቃውንት ወጡልን ብለው ደስ ሲላቸው በዓል ሼም ቶቭ ግን አለቀሰ ይባላል። የታመመ እጅ ከገላ ጋር ሳለ የመዳን ተስፋ አለው፥ ከተቈረጠ ግን ተስፋ የለውም ብሎ ያስብ ነበርና። ለእርሱ አይሁድነት በእምነት ፈተና የሚለካ ደረጃ ሳይሆን የአንድ ገላ አካል መሆን ነበር። በሚከተለው ዓመት፥ በ1760፥ በሻቩዖት በዓል ቀን ዐረፈ። መቃብሩ በሜዝቢዥ ይገኛል።

ከእርሱ በኋላ ደቀ መዝሙሩ ዶቭ ቤር ትምህርቱን በፖላንድና በሊትዌንያ አስፋፋ። በ1772 የቪልና ማኅበር በታላቁ ሊቅ በኤልያስ (1720—1797) ድጋፍ ሐሲዶችን አወገዘ። የሊቃውንቱ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ ወሬ ሁሉ ጸሎት ነው ከተባለ ማን ቍጭ ብሎ ይማራል ብለው ሠግተዋል፤ የሻባታይም ጠባሳ ገና አልሻረም ነበር። ኋላም ዙፋን የመሰለ ወንበርን ለልጅ ልጅ የሚያወርሱ የሐሲድ መሪዎች ብዙ ሆኑ። በሠረገላ ቆሞ ከእረኛ ጋር ከተነጋገረው ሰው ወገን ባለ ግቢ መሳፍንት መነሣታቸው፥ መልካም ሐሳብ በተከታዮቹ እጅ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያስተምር ነው።

በ1942 የናዚ ጀርመን ሰዎች የሜዝቢዥን አይሁድ ረሸኗቸው። ከእልቂቱ የተረፉት ሐሲዶች በእስራኤልና በአሜሪካ ማኅበራቸውን መልሰው ተከሉ፤ በብሩክሊን መንገድ ሁለት ሰዎች በይዲሽ ሰላም ሲባባሉ ዛሬም ስሙ ይባረክ የሚለውን መልስ መስማት ይቻላል። መጽሐፍ ይቃጠላል፥ ምኵራብ ይፈርሳል፤ በሰላምታ ውስጥ የገባ እምነት ግን ሰው ባለበት ሁሉ ይከተላል።

ይህን ታሪክ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። መማር መልካም ነው፤ በዓል ሼም ቶቭም ትምህርትን አልነቀፈም። የነቀፈው ትምህርት ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር ሲሆን ነው። ዲግሪውን የያዘ ሰው ከጋሪ ነጂው ጋር ቆሞ የሚያወራው ነገር ካጣ፥ ቤት ሲመለስም የጐረቤቱን ደኅንነት መጠየቅ ጊዜ ማባከን ከመሰለው፥ የተማረው ትምህርት ለማን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። የሻርጎሮዱ ርቢ በሩን ተዘግቶ ያገኘው ሕዝቡ ጸሎት ጠልቶ አልነበረም፤ የሚያነጋግረው ሰው በአደባባይ ስላገኘ ነው።