ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት

ከመካከላችን ስርዝ ድልዝ የበዛበት ጽሑፍ ለመምህሩ አቅርቦ ያልተገሠጸ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በቻይና አገር ግን ከጥንት የእጅ ጽሕፈቶች ሁሉ እጅግ ከሚከበሩት አንዱ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነው። ጸሐፊው ያን ዠንቺንግ ይባላል።

ያን ዠንቺንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ709 ዓ.ም. በታንግ ነገሥታት ዘመን ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ አሳደገችው። በ734 ከባዱን የመንግሥት ፈተና አልፎ ወደ ሹመት መንገድ ገባ። በዚያን ጊዜ ሹም የሚሆን ሰው ከሚመዘንባቸው ነገሮች አንዱ የእጅ ጽሕፈቱ ነበረ፤ ፍርዱም ደብዳቤውም የሚጻፈው በብሩሽ ነበርና። በ752 የጻፈው የዱዎባዎ ፓጎዳ ጽሑፍ በድንጋይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ በሺአን ከተማ ይታያል፤ ፊደሉ የተስተካከለና የጸና ነው።

በ755 አን ሉሻን የተባለው የጦር አዛዥ ሸፈተ። የፒንግዩዋን አገረ ገዢ የነበረው ያን ዠንቺንግ ነገሩን አስቀድሞ ስለ ጠረጠረ፣ ዝናቡን ሰበብ አድርጎ ቅጥሩን አሳድሶ እህልም አከማችቶ ነበር። ስለዚህ ሌሎች ከተሞች ሲወድቁ እርሱ ጸና። የቻንግሻን ገዢ የነበረው የአጎቱ ልጅ ያን ጋዎቺንግም አብሮት ቆመ። ነገር ግን በ756 ቻንግሻን ተያዘች፤ ጋዎቺንግና ልጁ ጂሚንግ ተገደሉ፤ ከዘመዶቻቸውም ብዙዎች አለቁ።

በ758 የጂሚንግ የራስ ቅል ተፈልጎ ተገኘ። ያን ዠንቺንግ በመታሰቢያው ሥርዓት የሚነበበውን የሐዘን ቃል ለማርቀቅ ብሩሹን አነሣ። ጽሑፉ 23 መስመር ነው። አጀማመሩ ረጋ ያለ ነው፤ ወደ አባትና ልጅ አሟሟት ሲደርስ ግን እጁ ይቸኩላል፤ ቀለሙ ይደርቃል፤ ቃል ይሰረዝና በአጠገቡ ሌላ ይገባል። ለሰው ይታይልኝ ብሎ ያልጻፈው በመሆኑ ሐዘኑ ሳይሸፈን ቀረ።

በ783 ንጉሠ ነገሥት ደዞንግ ሽማግሌውን ያን ዠንቺንግን ወደ ሌላው ዐመፀኛ ወደ ሊ ሺሊዬ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። ዐመፀኛው በማስፈራራትም በሹመት ተስፋም ሊያስከዳው ሞከረ። እምቢ አለ፤ በ785ም ታንቆ ተገደለ።

ረቂቁ ዛሬ በታይፔ በሚገኘው ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም ይጠበቃል። በ2019 ለኤግዚቢሽን ወደ ቶኪዮ በውሰት በሄደ ጊዜ፣ ወረቀቱ ይጎዳል ብለው በታይዋንም በቻይናም ብዙ ሰዎች ተቆጡ። ሆኖም የዛሬው ቻይናዊ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው በስልክና በኮምፒዩተር ነው፤ የቃሉን ድምፅ በላቲን ፊደል ያስገባል፤ መሣሪያው የቻይናውን ፊደል ያወጣለታል። ስለዚህ የተማረ ሰው እንኳ እስክርቢቶ ሲይዝ አንዳንዱ ፊደል ይጠፋበታል። ብሩሹ ግን ፈጽሞ አልተጣለም፤ ልጆች ዛሬም የያን ዠንቺንግን ፊደል እያስመሰሉ ይለማመዳሉ። ብቻ የሹም ሁሉ የዕለት ሥራ የነበረው የወዳጆቹ ጥበብ ሆነ።

በመሣሪያ ተጽፎ የተሰረዘ ቃል ምልክት አይተውም። ያን ዠንቺንግም በዚህ ዓይነት ጽፎ ቢሆን ኖሮ ለእኛ የሚደርሰን የታረመው ቃል ብቻ ነበር፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ግን ባልታወቀም ነበር። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከልባችሁ የጻፋችሁትን ረቂቅ ስርዝ ድልዝ ስለ በዛበት ብቻ ለመቅደድ አትቸኩሉ።