ቤቷን ትታ ብዙዎችን ያስጠለለች ወለተ ጴጥሮስ

የማንኪራ ልጆች ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደሚበቅል ያውቃሉ። ከከፋ ወደ ሰሜን እጅግ ርቆ፥ በጣና ባሕር ዳር፥ ዘጌ የሚባል አገር አለ፤ እርሱም እንደ ማንኪራ በቡና ጫካ የተሸፈነ ነው። በጫካውም ውስጥ መነኮሳት የሚጸልዩባቸው ገዳማት ይገኛሉ። በዚያ አገር ማኅበር ከመሠረቱት አንዲቱ ሴት ነበረች፤ ስሟም ወለተ ጴጥሮስ ይባላል። ዛሬ የእርሷን ታሪክ እናነባለን።

ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓመተ ምሕረት ገደማ ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፥ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር፤ ሁለቱም ከትልቅ ወገን የተወለዱ ናቸው። ለአካለ መጠን በደረሰች ጊዜ የአፄ ሱስንዮስ ዋና አማካሪና የጦር አለቃ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ዳሩአት። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ነገር ግን ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ሀብት ነበራት፤ ክብር ነበራት፤ አገልጋዮችም ነበሯት፤ ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ልቧን አላሳረፈውም።

በዚያ ዘመን ከአውሮጳ የመጡ የካቶሊክ መምህራን አፄ ሱስንዮስን ወደ ሃይማኖታቸው ሳቡት። ንጉሡም ሕዝቡን በግድ ወደዚሁ ሃይማኖት ሊያገባ በፈለገ ጊዜ ብዙዎች ተነሡበት። በ1609 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦርነት መካከል ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ጋር ዘመተ፤ ወለተ ጴጥሮስ ግን ቤቷን ትታ ወደ ጣና ገዳማት ሄደች፤ ጠጕሯንም ተላጭታ ለእግዚአብሔር ስእለት ገባች።

ልጆች ሆይ፥ አሁን የሚከተለውን በማስተዋል አንብቡ። ባሏ በሰማ ጊዜ ተቈጣ፤ እርሷ የተሸሸገችበትንም አገር ወታደሮቹ ያጠፉት ጀመር። ድኻው ስለ እርሷ ተዘረፈ። አባቶችም ወደ ቤቷ እንድትመለስ መከሩአት። ወለተ ጴጥሮስ የምትወደውን ጸሎትና ብቸኝነት ትታ ወደ ሸሸችው ቤት ተመለሰች። ስእለቷን ንቃ አይደለም፤ ሌላው ሰው በእርሷ ምክንያት እንዳይጐዳ ብላ ነው። ለራሷ መከራን ልትመርጥ ትችል ነበር፤ የሰውን ቤት በራሷ ስእለት ማቃጠል ግን አልፈለገችም።

ነገር ግን ገድሏ እንደሚናገረው፥ በአቡኑ ሞት የባሏ እጅ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖር አልቻለችም። በ25 ዓመት ዕድሜዋ ዳግመኛ ወጣች፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሰችም። ብዙም ሳይቈይ እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሌላ ሴት ጋር ተገናኘች፤ እርሷም ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የመነነች ነበረች። ሁለቱ ተዋደዱ፤ እስከ ሞትም ድረስ በአንድ ማኅበር ኖሩ።

በ1614 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበለ። ወለተ ጴጥሮስም ከአገር ወደ አገር፥ እስከ ዋልድባ ድረስ እየሄደች፥ ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ ታስተምር ነበር። ስለዚህ ወደ ንጉሡ አደባባይ ተጠራች። ንጉሡ ሊገድላት ባሰበ ጊዜ ጥላው የሄደችው ባሏ መልክአ ክርስቶስ ራሱ ስለ ሕይወቷ እንደ ለመነላት ገድሏ ይናገራል። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም በትምህርት ሊመልሳት ደከመ፤ እርሷ ግን አሳቧን አልለወጠችም። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል እጅግ ሞቃት ወደ ኾነ ቆላ ተሰደደች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ኖረች።

በስደቷ አገር ምን አደረገች? ስለ እርሷ የሰሙ ሰዎች እየመጡ ተጠጉአት፤ እርሷም ሰበሰበቻቸው። የመጀመሪያው ማኅበሯ በዚያ ቆላ ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሌሎች ማኅበሮች አቆመች፤ አንዱ በዘጌ የነበረው ነው። ወንዶችም ሴቶችም፥ የባለጸጋ ልጅም ድኻም፥ በእርሷ ሥር በአንድ ሥርዓት ይኖሩ ነበር። በሽታ በገባ ጊዜ ማኅበሩን ይዛ ወደ ሌላ ስፍራ ትሻገር ነበር። ሦስት ልጆቿን የቀበረች ሴት የብዙዎች እናት ኾነች።

ንጉሡም የብዙ ሺህ ሰው ደም ከፈሰሰ በኋላ ሃይማኖት በሰይፍ እንደማይተከል አይቶ፥ በ1624 ዓመተ ምሕረት የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚህ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ኖራ፥ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓመተ ምሕረት በ50 ዓመት ዕድሜዋ ዐረፈች። ማኅበሩንም ወዳጇ እኅተ ክርስቶስ ተረክባ አስተዳደረች። ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ፤ ዛሬ መጽሐፉ በሌሎች ቋንቋዎችም ይነበባል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ካቶሊክን ወይም ሌላውን መጥላት አይደለም። ያ ጠብ አልፏል፤ ዛሬ ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። ደግሞም ትዳር ክፉ ነው ብለን አንማርም፤ ባልና ሚስት በፍቅር የሚኖሩበት ቤት የተከበረ ነው። የምንማረው ይህን ነው፤ እግዚአብሔርን ለማገልገል ቤቱን የሚተው ሰው ሰውን ጠልቶ ወይም ሥራን ሸሽቶ መኾን የለበትም። መንና የወጣችው ሴት እውነተኛነቷ የሚታወቀው በተወችው ነገር ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከወጣች በኋላ ለስንት ሰው ጥላ እንደ ኾነች ነው። ትልቅ ዛፍ ለራሱ ቡና አያፈራም፤ ነገር ግን ቡናው ከሥሩ ተጠልሎ ያድጋል።