ሩዶልፍ ዲዝል፤ ወረቀቱና ብረቱ

አንድ ከባድ የጭነት መኪና ባለሙያ ዘንድ ሲቀርብ የሞተሩ ማንነት ከሊብሬው ብቻ አይታወቅም። ሻንሲውና ሞተሩ በተለያየ ፋብሪካና በተለያየ ዓመት የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሞተሩም ተለውጦ ይሆናል። በአሜሪካ ሕግ የጥቀርሻና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ማረጋገጫ በከባድ መኪና ረገድ የሚሰጠው ለሞተሩ ስለሆነ፣ ከሞተሩ አካል ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ የሠሪውን ስም፣ የሞተሩን ቤተሰብ መለያ፣ የሲሊንደሮቹን ጠቅላላ ይዘትና የተመረተበትን ጊዜ ይናገራል። መርማሪው የሚጠይቀው፣ ይህ ብረት በወረቀቱ የተጻፈው ብረት መሆን አለመሆኑን ነው። ስሙን ለሞተሩ ያወረሰው ሰው በዚሁ ጥያቄ ሲወቀስ ኖሯል።

ሩዶልፍ ዲዝል ከጀርመናውያን ወላጆች በፓሪስ ከተማ በ1858 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ ሎንዶን ተሰደደ፤ ልጁ ግን ትምህርቱን እንዲከታተል አውግስቡርግ ወደሚኖሩት ዘመዶቹ ተላከ። በኋላም በሙኒክ፣ በማቀዝቀዣ ሥራው ከታወቀው ከካርል ፎን ሊንደ ዘንድ ሲማር፣ የእንፋሎት ሞተር የነዳጁን ሙቀት አብዛኛውን በከንቱ እንደሚያባክን ተረዳ። ይህ ነገር ዕድሜ ልኩን አለቀቀውም።

በ1892 ያቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ ሁለት ዐበይት ሐሳቦች ነበሩት። አንደኛው፣ አየር በኃይል ሲታመቅ ስለሚግል ነዳጁ ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ነዳጁ በሚነድበት ጊዜ የሙቀቱ ልክ ከፍ ሳይል ባለበት ይቆያል የሚለው ነበር። የመጀመሪያው ዛሬም ይሠራል። በሁለተኛው መንገድ የሚሠራ ሞተር ግን የራሱን ሰበቃ አሸንፎ የሚተርፍ ጉልበት አይኖረውም። ዲዝል ይህን በስሌት ደርሶበት በ1893 ሌላ ማመልከቻ አስገባ፤ የቀድሞውን ሐሳብ መተዉን ግን በአደባባይ አልገለጸም።

በዚያው ዓመት በአውግስቡርግ የመጀመሪያው ሞተር ሲሞከር የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ተበተነ። ከብዙ ድካም በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1897 የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር የተሻሻለውን ሞተር መርምሮ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶው ወደ ሥራ እንደሚለወጥ አረጋገጠ። ይህ ምስክርነት የዲዝልን ስም በዓለም ናኘው፤ የተቃዋሚዎቹንም አፍ ከፈተ። የተሠራው ሞተር በ1892ቱ ወረቀት ላይ ያለው አይደለም አሉ። በ1912 በበርሊን በመርከብ ሥራ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት የሞተሩን ታሪክ ሲያስረዳ ምሁራን ፊት ለፊት ሞገቱት። በእኔ ግምት ስለ ወረቀቱ እውነታቸውን ነበር፤ ሞተሩን ከሐሳብ ወደ ብረት ያደረሱት እርሱና የአውግስቡርግ ሠራተኞች መሆናቸውን ግን ክርክር ሊያስቀረው አይችልም። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ድሬስደን ከተባለው መርከብ ላይ ጠፋ፤ አስከሬኑ ከቀናት በኋላ በባሕር ላይ ታየ። ከባድ ዕዳ ነበረበት።

ናፍጣ የሚነዱ የጭነት መኪናዎች ለገበያ የቀረቡት ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ጣሊያኖች ወደ አገራችን ያመጡትና ሾፌሮቻችን ትሬንታ ኳትሮ ይሉት የነበረው ፊያት 634 ኤን ከነዚህ ወገን ነው፤ ኤን የምትለው ፊደል ናፍታ ማለት ነበረች።

ሽሮተር የመዘነው ነዳጅንና ሥራን ነበር። ነገር ግን ሞተሩን ቆጣቢ ያደረገው ያው ግለት የአየሩን ናይትሮጅን ከኦክሲጅን ጋር ያዋህዳል፤ ነዳጁ ከአየር ጋር በሚገባ ባልተደባለቀበት ስፍራ ደግሞ ጥቀርሻ ይፈጠራል። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መካከል መደበው። አውሮፓ በ1992 ለከባድ ሞተር በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 8 ግራም ናይትሮጅን ኦክሳይድ ፈቅዳ ነበር፤ በ2013 ወደ 0.4 ግራም ገደማ አወረደችው።

በአሜሪካም ልኩ እየጠበቀ ሲሄድ ወረቀቱና ብረቱ እንደገና ተለያዩ። የሞተሮቹ ኮምፒዩተር በፈተና ጊዜ ጭሱን ይገታል፤ በረጅም ጎዳና ላይ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ የመርጫውን ጊዜ ለውጦ ናይትሮጅን ኦክሳይድ አብዝቶ ይለቅ ነበር። በ1998 ሰባት የከባድ ሞተር ፋብሪካዎች ከመንግሥት ጋር ተስማምተው 83.4 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍሉ ግድ ሆነ። ከስምምነቱ ነጥቦች አንዱ፣ እነዚህ ሞተሮች ሙሉ ጥገና ሲደረግላቸው ፕሮግራማቸው እንዲለወጥ የሚያዝ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሞተር የሚመረምር ባለሙያ ጽሑፉንና የሞተር ቁጥሩን ካነበበ በኋላ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጫነውን ፕሮግራም መለያም ያስተያያል።